እትዬ መርፌና ቀዩ ጫፍ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተከፈተ የቴሌቪዥን ሪሲቨር አለ። ክዳኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ብሎኖቹ በስኒ ማስቀመጫ ሳህን ውስጥ ናቸው። ቦርዱ ላይ፣ መብራት በሚገባበት በኩል፣ አንድ ዲዮድ አንደኛው እግሩ ተነቅሎ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ሌላው እግሩ እንደተበየደ ነው። አክስቴ ዲዮድ ስትመረምር ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር። ቦርዱ ላይ እንደተቀመጠ ከለካችሁት ጎረቤቶቹ ስለ እሱ ይመልሳሉ፤ ብቻውን ለማናገር አንድ እግሩን ማንሳት ያስፈልጋል፣ ትል ነበር። ይህኛውን አናግራው ይሁን ሳታናግረው፣ አላውቅም። የመበየጃው ብረት ከሶኬቱ ተነቅሏል፤ የኤሌክትሪክ መለኪያዋ ቴስተር ተዘግቶ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ወንበሩ ወደ ውስጥ ተገፍቷል። ስለዚህ ተጣድፋ አልተነሳችም። ሊነጋ ሲል በእንቅልፏ አረፈች፤ ሻይ ይዞላት የገባው አባቴ ነው።

የተማርኩትም የምሠራውም መዛግብት መጠበቅ ነው። አንድ ነገር ከቦታው ከመነሳቱ በፊት እንዴት ሆኖ እንደተገኘ መጻፍ የሥራችን መጀመሪያ ነው። ከቀብሯ መልስ ወደ ክፍሏ ገብቼ ከላይ ያለውን ጻፍኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። የሚከተለው እኔ ያየሁት ነው፤ ያላየሁትን ማን እንደነገረኝ እጠቅሳለሁ።

ሰፈሩ የሚያውቃት እትዬ መርፌ ብሎ ነው። ስሙ የወጣላት ከቴስተሯ ነው። ቴስተሯ ቁጥር የሚጽፍ አልነበረም፤ መስታወቱ ስር ቀጭን መርፌ ያለው አሮጌ ነበር። ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ሳይሆን ያንን መርፌ ነበር፤ ከተነሳ ደስ ይለዋል፣ ከተኛ ይከፋዋል፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቅም። ስሙ ብዙ መዘዝ አምጥቶባታል። አንዲት አዲስ ጎረቤት ሱሪ ልታሳጥር መጣች። አክስቴ ሱሪውን ገለባብጣ አየችና፣ «ዲዮዱ የት ጋ ነው?» አለቻት። አንድ ሰውዬ ደግሞ ሐኪም ያዘዘለትን ብልቃጥ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ገባና እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ምን ልርዳህ?» አለችው።

«መርፌ የሚወጉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ግን አንተ ሶኬት የለህም።»

ሰውዬው በትኩሳቱ ላይ ሳቅ ተጨምሮበት እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ጤና ጣቢያ ድረስ ይዛው የሄደች ራሷ ናት። የሰፈሩ ሕፃናት ግን እስከ መጨረሻው አላመኗትም። ከሩቅ ሲያይዋት እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይገባሉ፤ እሷም ኪሷ ውስጥ ከረሜላ ይዛ ትዞራለች፤ ከረሜላውን ይቀበሉና መልሰው ይሸሻሉ።

በወጣትነቷ ሬዲዮ የሚገጣጥም ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች። ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ በሁለቱም በኩል ሴቶች፣ ለእያንዳንዷ አንድ ዓይነት ዕቃ። ለእሷ የደረሳት ዲዮድ ነው። ቦርዱ ከግራ ይመጣል፣ ዲዮዶቹን ትሰካለች፣ ወደ ቀኝ ትገፋለች። «ሙሉ ሬዲዮ ምን እንደሚመስል የማውቀው ሰው ቤት ሄጄ ነበር» ትላለች። በጠረጴዛው መጨረሻ ፈታሽ ተቀምጧል። የማይሠራ ሬዲዮ ሲያገኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያጣራና «ተመላሽ!» ብሎ ይጮሃል፤ ከዚያ የሴትየዋን ቁጥር ይጠራል። ያቺ ሴት ሁሉም እያያት እስከ ፈታሹ ድረስ ሄዳ ቦርዷን ይዛ ትመለሳለች። አክስቴ ቁጥሯ ተጠርቶ አያውቅም። ይህን አብራት የሠራች ጓደኛዋም ነግራኛለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ባለመርፌውን ቴስተር ይዛ ወጣች። በፈቃድ ነው፤ ወረቀቱን አይቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራችው በቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ በአንድ በኩል ወደ መንገድ የሚከፈት በር አለው፤ ከቤቱ የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገችኝ ከዚያ ጠረጴዛ ስር ነው ማለት ይቻላል። የቤት ሥራዬን የምሠራው እግሯ ሥር ካለው ካርቶን ላይ ነበር፤ የቀለጠ የመበየጃ ሊድ ሽታ እስከ ዛሬ ፈተና ያስታውሰኛል።

ዲዮድ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው። በሁለት ጫፎቹ ቀጭን የሽቦ እግሮች አሉት፤ በአንደኛው ጫፍ ላይ ነጭ ጭረት አለበት። ሥራው ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ማሳለፍና በሌላው በኩል መከልከል ነው፤ መውጫው ሁልጊዜ በጭረቱ በኩል ነው። ሲበላሽ ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ በሁለቱም በኩል ያሳልፋል፣ ወይ በሁለቱም በኩል ይዘጋል። አክስቴ ሰውንም የምትከፍለው በዚሁ ነበር። አባቴ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ «በሁለቱም በኩል የዘጋ» ነው፤ አይሰማም፣ አይናገርም። መንገዱ ጫፍ ላይ መለዋወጫ የሚሸጡት ጋሽ ብሎን ደግሞ «በሁለቱም በኩል የሚያሳልፍ» ናቸው፤ ጠዋት የነገሯቸውን ከሰዓት ከሌላ ሰው ትሰሙታላችሁ።

«እኔስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ደህና ነሽ። ይገባል፣ አይወጣም። ደሞዝ የሚከፍሉሽም ለዚህ መሰለኝ።»

ዓይኗ መታመም የጀመረው ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ከነጣ በኋላ ነው። ሐኪሙ የማይድን መሆኑን፣ ሙሉ በሙሉ እንደማያሳውራትም ነገራት። የታመመው የዓይኗ መሃል ነው። ፊት ለፊት የምታየው ነገር ይጠፋል፤ ዳር ዳሩ አለ። ስለዚህ ሰው ስታነጋግር ፊቷን ወደ ጎን ማዞር ጀመረች። የማያውቋት ሰዎች የናቀቻቸው ይመስላቸዋል። የቴስተሩን መርፌ መነሳትና መውደቅ በዓይኗ ጠርዝ በደንብ ታየዋለች፤ የዲዮዱን ጭረት ግን ማየት አቃታት።

አባቴ፣ በሁለቱም በኩል የዘጋው ሰው፣ ያን ሰሞን ተከፈተ።

«እትዬ፣ ጣትሽን አቃጥለሽ እስክትመጪ ነው የምጠብቀው?»

«ጣቱ የኔ ነው።»

«ቤቱንስ ብታቃጥዪው?»

«ቤቱም የኔ ነው። ያንተ ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ቃጠሎው እዚያ ሲደርስ እጠራሃለሁ።»

«እኔ እኮ እየቀለድኩ አይደለም።»

«አውቃለሁ። አንተ ቀልደህ አታውቅም።»

ለብዙ ቀን እንዲህ ከተባባሉ በኋላ አንድ እሁድ መጋረጃውን ገለጠችና ቆማ ተናገረች። እኔም ነበርኩ።

«አንድ ነገር ልበልህና ከዚያ በኋላ ዝም በለኝ። ከዚህ ጠረጴዛ የወጣ ዕቃ በእኔ ጥፋት ተመላሽ የመጣ ቀን በሩን እዘጋለሁ። አንተ መለመን አያስፈልግህም።»

«ተመላሽ?»

«ተመላሽ።»

ቃሉ በእሷ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳም። «ምነው ይህን ያህል ባልጨቀጨቅኳት» ብሎ በልቡ ያሰበ ይመስለኛል፤ እሱን ግን አልነገረኝም።

ጭረቱን ለማየት መላ የፈጠረች ራሷ ናት። ከሱቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛች። ባለሱቋ፣ «እትዬ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለቻት። «አዎ፣ ዲዮድ ልድር ነው» ብላ ወጣች። ቴስተሩ ሁለት ገመድ አለው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ዲዮዱን በሁለቱ መሃል ትይዘዋለች። መርፌው ካልተነሳ ታገላብጠዋለች። ሲነሳ፣ ቀዩ ገመድ የነካው ጫፍ ባለጭረቱ ነው። ያንን ጫፍ በቀይ ቀለም ትነካዋለች። ቀይ ከቀይ፣ ምንም አያሳስትም። የተቀቡትን በአንድ ቆርቆሮ ታጠራቅማለች። አንድ ትልቅ ቀይ ነጥብ ከዓይኗ ጠርዝ አያመልጥም፤ ስትበይድም ቀዩን ወደ መውጫው አድርጋ ነው።

ጋሽ ብሎን ይህን ሲያዩ ልባቸው ተነካ። ባል ሳይኖራት፣ ሚስት ሳትኖራቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ ሲሸጡላትና ሲጨቃጨቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንድ ሙሉ ፓኬት ዲዮድ እየለኩ ቀብተው አመጡላት።

«ይኸው። አንቺ እጅ አለሽ፣ እኔ ዓይን አለኝ» አሉ።

«ሠራተኛ ቀጠርኩ ማለት ነው?»

«ያለ ደሞዝ።»

«ያለ ደሞዝ የሚሠራ ሰው አይባረርም፤ ችግሩ እሱ ነው» አለችና ፓኬቱን ከቆርቆሮው አጠገብ አስቀመጠችው። ጋሽ ብሎን ከሄዱ በኋላ ፓኬቱን አንስታ ለብቻዋ ስትስቅ አይቻታለሁ።

ያን ሰሞን ነው ጡረታ የወጡት ሹፌር ሬዲዮአቸውን ይዘው የመጡት። ሹፌሩ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ሬዲዮአቸው ቀንም ማታም አይዘጋም። «ዝም ሲል ሞተር የጠፋብኝ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ» ይላሉ። ሬዲዮው በመብራትም በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ነው። በመብራት አልሠራ ብሎ ነበር የመጣው። አክስቴ ከፍታ ስታየው መብራቱን የሚቀበሉት አራት ዲዮዶች ተበላሽተዋል። ቀየረቻቸው። ከባትሪው በኩል ያለው አምስተኛው ደግሞ በሁለቱም በኩል ዘግቶ አገኘችው። አራቱን ከራሷ ቆርቆሮ ወስዳ ነበር፤ ቆርቆሮው ባዶ ሆነ። አምስተኛውን ከጋሽ ብሎን ፓኬት አወጣችና ቀዩን ወደ መውጫው አድርጋ በየደችው። ሶኬት ላይ ሰካችው። ሬዲዮው ወሬውን ካቆመበት የቀጠለ ይመስል ተንጫጫ። ሹፌሩ በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነበር፤ ባትሪ ድንጋዮቻቸውን ቤት ትተው መጥተዋል። አመስግነው ይዘውት ሄዱ።

ሹፌሩ የተመለሱት ቅዳሜ ቀን ነበር። እኔ መጋረጃው አጠገብ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

«እትዬ መርፌ፣ ይሄ ልጅሽ መብራት እያለ ያወራል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።»

«ባትሪ ድንጋይ አስገባህለት?»

«አዲስ ነው ያስገባሁለት! እዪ ምን እንዳደረጋቸው።»

በላስቲክ የጠቀለሏቸውን ባትሪ ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አብጠዋል፤ ከጫፋቸው እርጥብ ነገር ወጥቷል። አክስቴ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አየቻቸው። ከዚያ በጣቷ ነካቻቸውና ጣቷን በጨርቅ ጠረገች።

«ተወውና ሂድ። ነገ ና» አለቻቸው። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። ሹፌሩ ስለ መሐላዋ የሚያውቁት ነገር ስላልነበር እየቀለዱ ሄዱ።

ሬዲዮውን ከፈተች። የባትሪውን ዲዮድ አንድ እግር አነሳች፤ ለካችው። መርፌው በአንድ በኩል ተነሳ፣ በሌላው ተኛ። ዲዮዱ ጤነኛ ነው። እንደገና ለካችው። ከዚያ እጇን አቆመች።

«ነይ እስቲ። ጭረቱ ወዴት ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ወደ ባትሪው።»

«ቀዩስ?»

«በወዲያኛው ጫፍ።»

«አንድ ጫፍ ላይ አይደሉም?»

«አይደሉም እትዬ።»

ወንበሩን ተደገፈች። ዲዮዱ ተገልብጦ ነው የተበየደው፤ ባትሪው ኤሌክትሪክ እንዳይሰጥ ከልክሎ፣ ከመብራቱ የመጣውን ግን ወደ ባትሪው እየገፋ ነው ያሳበጠው። ፓኬቱን ዘርግፌ አየሁት። ሁሉም ዲዮዶች በተሳሳተው ጫፍ ነው የተቀቡት፤ ጥንቅቅ ባለ፣ እኩል በሆነ ነጥብ።

አባቴ ድምፃችንን ሰምቶ መጣ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ሲበራ አየሁ። ደስ ያለው ግን እኔ በጠበቅኩት ምክንያት አልነበረም።

«በቃ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም! የጋሽ ብሎን ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ እንድዘጋ ነው የምትፈልገው ወይስ እንዳልዘጋ?»

«እንድትዘጊ ነው የምፈልገው።»

«እና?»

«በውሸት አይደለም!» አለና፣ ይህን ያህል መናገሩ ራሱን አስደንግጦት ይሁን አላውቅም፣ ካፖርቱን አንስቶ ጋሽ ብሎንን ሊጠራ ወጣ።

ጋሽ ብሎን ቁጥር የሚጽፈውን አዲሱን ቴስተራቸውን እንደ መሣሪያ ይዘው ነው የገቡት።

«እኔ በዓይኔ ሳይሆን በመለኪያ ነው የቀባሁት! አንድ በአንድ!»

«ለካና አሳየኝ» አለቻቸው።

ዲዮድ አንስተው ለኩ። ቁጥሩ ወጣ። «ይኸው ቀዩ ገመድ የነካው ጫፍ። ቀይ ቀባሁት። ቀይ ከቀይ!»

«ወዲህ በለው» አለችና ያንኑ ዲዮድ በራሷ ቴስተር ለካችው። መርፌው ተነሳ። ቀዩ ገመድ ግን የነካው ሌላኛውን ጫፍ ነው።

ጋሽ ብሎን ደግመው ለኩ። እሷም ደገመች። ዲዮዱ አንድ ነው፤ በእሳቸው ቴስተር ቀዩ ገመድ ጭረት የሌለውን ጫፍ ይመርጣል፣ በእሷ ቴስተር ባለጭረቱን። የአሮጌዎቹ ባለመርፌ ቴስተሮች አሠራር እንዲህ መሆኑን አክስቴ ከፋብሪካ ጀምሮ ታውቃለች፤ አዲሶቹ እንደዚያ አለመሆናቸውን ጋሽ ብሎን ያውቃሉ። ሌላው እንዴት እንደሚለካ ለመጠየቅ ግን አንዳቸውም አላሰቡም። ስንት ዘመን ዲዮድ ሲሸጡላትና ስትገዛቸው፣ ስለ አንድ ቀይ ሲያወሩ፣ የሚያወሩት ስለ ሁለት ቀይ ነበር።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ጋሽ ብሎን ግን አልሳቁም።

«የኔን ቁጥር ጥሪ» አሉ። «በፋብሪካችሁ ሕግ የሚጠራው የኔ ቁጥር ነው።»

«አንተ ፋብሪካውን ረግጠኸው አታውቅም።»

«እውነታቸውን ነው» አለ አባቴ። «የቀቡት እሳቸው ናቸው።»

«የበየድኩት እኔ ነኝ» አለች። ቴስተሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ይሄ እጄ ሥር ነበር። ባነሳው በአንድ ትንፋሽ ይነግረኝ ነበር። ቀለም አመንኩና እሱን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ሰውየውንም ባትሪ ድንጋይህን አምጣና እንሞክረው አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀዩ ነጥብ በደንብ ታየኝና ደስ አለኝ።»

ጋሽ ብሎን ቴስተራቸውን ጠቅልለው ወጡ።

በማግስቱ ዲዮዱን ገለበጠች፣ ለካች፣ በመብራትም በአዲስ ባትሪ ድንጋይም ሞከረችና ሬዲዮውን ለሹፌሩ ሰጠች። ምንም አልነገረቻቸውም። ከዚያ የመንገዱን በር ከውስጥ ቀረቀረች።

ቀጥሎ ስላለው ጊዜ የምጽፈው ከአባቴ አፍ ብዙ የሰማሁትን ነው፤ እኔ ቀን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። አክስቴ ጠረጴዛዋን ስታጣ ቤቱን ጀመረችው። የቁም ሳጥኑን በር አስተካከለች፤ ከዚያ በኋላ አልዘጋ አለ። የአባቴን ሸሚዞች በቀለም ደረደረቻቸው፤ ሁለቱን ማግኘት አልቻለም። ወጥ ሲያማስል ከኋላው ቆማ «እሳቱ በዝቷል» ትለዋለች፤ ሲቀንሰው «ጠፋ እኮ» ትለዋለች። የሚሠራውን የግድግዳ ሰዓት ፈታ አጸዳችው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴን ደጅ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምነው አባዬ?»

«ሻይ ልጠጣ ብዬ ነው የወጣሁት።»

«ቤት ውስጥ ሻይ የለም?»

«አለ። እሷም አለች» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «ዝም ስትል ነው የሚብሰው» አለ። «ማታ ማታ እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ መብራት ሳታበራ ትቀመጣለች። እኔ ይሄን ፈልጌ አልነበረም።»

ጋሽ ብሎንም አልመጡም። ሱቃቸው በር ላይ ሳልፍ፣ «እትዬ ደህና ናት?» ይሉኛል፤ ደህና ናት ስላቸው ያላመኑኝ ይመስላሉ። የሰሙትን ሁሉ የሚያሳልፉት ሰውዬ ይህን ነገር ግን ለማንም አላወሩም። ስለዚህ ነው ሹፌሩ ሳያውቁ የመጡት።

ሹፌሩ በሩን አንኳኩተው፣ አንኳኩተው፣ ዞረው በግቢው በኩል ገቡ። በእጃቸው ቻርጅ የሚደረግ ፋኖስ ይዘዋል።

«ምነው፣ ጠዋት ዘግተሽ?»

«ዘግቻለሁ። ጨርሶ ነው የዘጋሁት።»

«ለምን?»

ነገረቻቸው። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ መሐላዋ፣ ስለ ሁለቱ ቀዮች። ሹፌሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰሙ። ስትጨርስ ተቆጡ።

«ማነው ተመላሽ ያለሽ?»

«አንተ አይደለህ ይዘኸው የመጣኸው?»

«ይዤው መጣሁ እንጂ ተመላሽ አልኩሽ? ስሚኝ፣ እትዬ መርፌ። እኔ መኪና ከጋራዥ አውጥቼ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ወደ ሜካኒኩ እመለሳለሁ። ምን እለዋለሁ? ‹ሥራው አላለቀም› ነው የምለው። ተመላሽ የምለው ወደ ሌላ ሜካኒክ የወሰድኩት ቀን ነው። እኔ ሬዲዮዬን ወደ ማን ወሰድኩት?»

አክስቴ ፊቷን ወደ ተቀረቀረው በር አዞረች።

«ወደ ማን ወሰድኩት?»

«ወደ እኔ።»

«እና አላለቀም ነበር። አሁን አለቀ። ትናንት መብራት ሲጠፋ አንድም ቃል አላመለጠኝም።» ፋኖሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይሄ ደግሞ ቻርጅ አይዝም። ቸኩዬ አይደለም።»

ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ። አባቴ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የመበየጃው ብረት ሶኬት ላይ ሲሰካ ሰማሁ ይላል። እሱም ሻይ ሊያፈላ ሄደ።

በሩን ስትከፍት ግን በአዲስ ሕግ ነው። የገባ ዕቃ የሚበላውን ሁሉ ሳይበላ አይወጣም፤ በመብራት የሚሠራ በመብራት፣ በባትሪ የሚሠራ በባትሪ፣ ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ይቸኩል። ዲዮድ ከመበየዱ በፊት ይለካል፣ ከተበየደም በኋላ አንድ እግሩ ተነስቶ እንደገና ይለካል። ቀዩ የጥፍር ቀለም ተጣለ፤ ነጭ ተገዛ፤ ነጭ ገመድ ያለው ቴስተር የለምና። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጨረሻው እይታ የጋሽ ብሎን ሆነ። ይህን ልትነግራቸው ሱቃቸው ድረስ የሄደች እሷ ናት። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሩኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ከሰዓት ከሰዓት ሱቃቸውን ዘግተው ይመጡና ከጎኗ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ።

«ጭረት?»

«ወደ አንቺ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መነጽር ያደረግኩት ለውበት ነው?»

«ለውበት ከሆነ ዘግይተሃል።»

አባቴ ለሁለቱም ሻይ ያቀብላል። እንድትዘጋ የለመናት ሰው እሱ መሆኑን ያስታወሰው የለም፤ እሱም አላስታወሰም። አክስቴ በዚህ ሁኔታ እስከዚህ ወር ድረስ ሠርታለች። ዓይኗ ትንሽ በትንሽ እየባሰ ሄደ፤ የጋሽ ብሎን በርጩማም ትንሽ በትንሽ ወደ እሷ እየቀረበ መጣ። ቴስተሩን ግን እስከ መጨረሻው ራሷ ነበር የምትይዘው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ በማረፏ ዋዜማ፣ የሠራችው የዳቦ ቤቱን ሚዛን ነው። የሚከተለውን የነገረችኝ ባለዳቦ ቤቷ ናት፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው የነገረችኝ። ሚዛኑ ቁጥር የሚጽፍ ዓይነት ነው፤ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ውስጥ አንድ ዲዮድ ተበላሽቶ ነበር። ጋሽ ብሎን ጭረቱን አይተው ከሄዱ በኋላ አክስቴ ሚዛኑን በፎጣ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ አቅፋ፣ መንገዱን ጠርዝ ጠርዙን ይዛ ራሷ ወሰደችው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰልፍ ነበር። ሰዎቹ እንድታልፍ ጠየቋት፤ አልፋለሁ ግን ዳቦ ሳይሆን ሚዛን ነው የያዝኩት ብላ አስቃቻቸው። ሚዛኑን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ሶኬት ላይ ሰካችው። ባለዳቦ ቤቷ አንድ ዳቦ አስቀመጠችበት፤ ቁጥሩ ወጣ። አክስቴ «አሁን ንቀዪው» አለቻት። ሲነቀል በባትሪው ያንኑ ቁጥር ጻፈ። «መልሰሽ ስኪው።» ያንኑ ጻፈ።

«እትዬ፣ ሰዉ እየጠበቀ ነው እኮ» አለች ባለዳቦ ቤቷ።

«ይጠብቅ። ሰው ዳቦ ሲጠብቅ አይሞትም።»

ፎጣዋን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች። ሁለት ዳቦ ገዛች፤ አንዱ በደንብ የበሰለ እንዲሆን ጠየቀች፣ አባቴ እንደዚያ ነው የሚወደው። ከሰልፉ ኋላ አንድ ሕፃን እናቱ ጀርባ ተደብቆ ነበር። ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ለእናቱ ሰጠችና ወጣች።